ሥርዓቱ የጠፋበት አሮጌ ኮምፒዩተር

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ ልነግራችሁ ያሰብሁት ታሪክ የነገሥታት ወይም የጦር ሜዳ ታሪክ አይደለም። በየመሥሪያ ቤቶቻችን ዕቃ ግምጃ ቤት አቧራ ለብሶ ስለሚገኝ አንድ መኪና ነው። በሀዋሳ ከተማ ካሉት አሮጌ መሥሪያ ቤቶች በአንዱ የግምጃ ቤቱን በር የከፈተ ሰው፣ እግሩ ከተሰበረ ወንበርና ቀለሙ ከደረቀ የጽሕፈት መኪና አጠገብ የተደረደሩ ኮምፒዩተሮች ማየቱ አይቀርም። ከእነዚህ ለአንዱ የኤሌክትሪኩ ገመድ ቢሰካለት መብራቱ ይበራል፤ ማራገቢያው ይዞራል፤ አንድ ጊዜም «ጢጥ» ይላል። ከዚያ በኋላ ግን በጥቁሩ መስተዋት ላይ «ኦፐሬቲንግ ሲስተም ኖት ፋውንድ» የሚል አንድ መሥመር በእንግሊዝኛ ጽፎ ዝም ይላል። ትርጓሜውም «ሥርዓተ ክወናው አልተገኘም» ማለት ነው። የዕቃ ቤቱ ኃላፊም ይህን አይቶ በመዝገቡ ላይ «ከአገልግሎት ውጭ» ብሎ ይጽፍበታል፤ በቃል ሲጠየቅም «ሞቷል» ይላል።

እኔ ግን በዚህ ፍርድ አልስማማም። እንዲህ ያለው መኪና ብዙውን ጊዜ አካሉ ደኅና ነው፤ ያጣው የሚመራውን ሥርዓት ብቻ ነው። ሥርዓቱ ከአካሉ ተለይቶ ሊጠፋ የቻለው ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ስለ ሆኑ ነው፤ ሊመለስለት የሚችለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ይሁን እንጂ በሚመለስለት ጊዜ ሊጠፋ የሚችል ሌላ ነገር አለ፤ ስለ እርሱ ሳይታሰብ ከሚነሣ ይልቅ መኪናው ሳይነሣ ቢቀር ይሻላል። ይህን ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል። ዘመኑን ስቈጥር የውጭ አገሩን ታሪክ እንደ አውሮፓውያን፣ የአገራችንን ግን እንደ ራሳችን አቈጣጠር እናገራለሁ።

ሥርዓተ ክወና የሚባለው ምን እንደ ሆነ ከመንግሥት ሥራ ምሳሌ ወስጄ ልግለጽ። አንድ አዲስ መሥሪያ ቤት ተሠርቶ፣ ጠረጴዛና ወንበር ገብቶለት፣ ሠራተኞቹም በየቦታቸው ተቀምጠው ሳለ፣ ደብዳቤ ተቀብሎ የሚመዘግብ መዝገብ ቤት፣ ጉዳዩን ለሚመለከተው ክፍል የሚመራ ኃላፊ፣ የፊርማና የማኅተም ደንብ ባይኖር፣ ባለጉዳይ ከደጅ ቆሞ ከመዋል በቀር ምን ያገኛል? ኮምፒዩተርም እንደዚሁ ነው። የሚያሰላ ፕሮሰሰር፣ ለጊዜው የሚያስታውስ ራም፣ ለረጅም ጊዜ የሚያስቀምጥ ሃርድ ዲስክ፣ የሚጻፍበት ኪቦርድና የሚታይበት ሞኒተር አለው። ማን መቼ እንደሚሠራ፣ የትኛው ጽሑፍ በየትኛው የዲስክ ክፍል እንደሚቀመጥ፣ የጸሐፊው ጣት የነካው ፊደል እንዴት በመስተዋቱ ላይ እንደሚወጣ የሚያዝዘው ግን ሥርዓተ ክወናው ነው። በየገበያው «ዊንዶው» እያልን የምንጠራው ከእነዚህ ሥርዓቶች አንዱ ነው እንጂ ብቸኛው አይደለም።

ኮምፒዩተሮች በተፈጠሩበት ጊዜ እንዲህ ያለ ሥርዓት ጨርሶ አልነበራቸውም። እ.ኤ.አ. በ1946 በአሜሪካ፣ በፔንሲልቬኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ ለሕዝብ የታየው ኤኒያክ የተባለው መኪና በጥንት ሬዲዮኖች ውስጥ እንደምናያቸው ያሉ ወደ 18,000 የሚጠጉ የመስተዋት ቱቦዎች ነበሩት። አዲስ ሥራ ሊሰጡት ሲፈልጉ ባለሙያዎቹ ገመድ እየነቀሉና እየሰኩ፣ ማዞሪያም እያዞሩ ቀናት ያሳልፉ ነበር። ቀጥለው በመጡት መኪናዎች ዘመን ሥራው በተበሳ ካርድ ላይ ሰፍሮ ይቀርብ ጀመር። ነገር ግን አንዱ ሥራ አልቆ ሁለተኛው እስኪጀመር ድረስ፣ በሰዓት ብዙ ገንዘብ የሚወጣበት መኪና ሥራ ፈትቶ ይቆም ነበር። የጄኔራል ሞተርስና የኖርዝ አሜሪካን አቪየሽን ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ1956፣ አይ ቢ ኤም 704 ለተባለው መኪና፣ ሥራዎችን በተራ እየተቀበለ የሚያስፈጽም ፕሮግራም አዘጋጁ። የታሪክ ጸሐፊዎች ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ሥርዓተ ክወና የሚሉት ይህንኑ ነው። ልብ በሉ፤ የመጀመሪያው ሥርዓተ ክወና የተሠራው ሥራ ፈትቶ የቆመ መኪናን ለማሠራት ነው።

የሀዋሳ ከተማ በ1952 ዓ.ም.፣ ልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም የሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ገዥ በነበሩበት ዘመን፣ ከሐይቁ ዳር ስትቈረቈር ሥርዓተ ክወና ገና የጥቂት ዓመት ሕፃን ነበር። ከተማይቱና ይህ ጥበብ እኩዮች ናቸው ብንል አልተሳሳትንም። በኋላም የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ ከይርጋለም ወደ ሀዋሳ በተዛወረ ጊዜ፣ ጽሕፈት ቤቶች የሚይዙት መዝገብ ወረቀት ነበር። ወረቀትን አቧራ ቢያለብሰው፣ ምስጥም ቢበላው፣ የተረፈው ቍራጭ ይነበባል፤ ለማንበብም ፊደል የቈጠረ ሰው ዐይን ብቻ ይበቃል። አድማጮቼ ይህን ነገር እንዳትረሱት አደራ እላለሁ፤ እንመለስበታለንና።

አይ ቢ ኤም እ.ኤ.አ. በ1964 ሲስተም 360 የተባሉትን፣ ትንሹም ትልቁም አንድ ዓይነት ትእዛዝ የሚቀበሉ መኪናዎች ለዓለም አስታወቀ። እስከዚያ ዘመን ድረስ፣ ከዚያም በኋላ ለጥቂት ዓመታት፣ ፕሮግራም ለብቻው ዋጋ አልነበረውም፤ መኪናውን ለገዛ ወይም ለተከራየ ደንበኛ አብሮ ይሰጠው ነበር። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1969 ግን ኩባንያው የፕሮግራምንና የመኪናን ዋጋ እንደሚለያይ ገለጸ። ከዚህ በኋላ አካልና ሥርዓት በገበያ ላይ እየተለያዩ ሄዱ። ዛሬ ባዶ መኪና ገዝቶ ሥርዓቱን ከሌላ ቦታ ማምጣት የሚቻለው፣ መኪናው ሳይበላሽም ሥርዓቱ ብቻ «ጊዜው አለፈበት» ሊባል የሚችለው የዚያ መለያየት ውጤት ነው።

በዚያው በ1969 ለእኛ ጉዳይ ከዚህ የበለጠ የሚጠቅም ሌላ ነገር ተደረገ። ቤል ላቦራቶሪስ የተባለው የአሜሪካ የምርምር ድርጅት ከሌሎች ጋር ሆኖ መልቲክስ የተባለ ታላቅ ሥርዓተ ክወና ለመሥራት ጀምሮ ነበርና፣ ሥራው ረዝሞ ወጪው ስለ በዛበት ከማኅበሩ ወጣ። በሥራው ላይ ከነበሩት አንዱ ኬን ቶምፕሰን ባዶ እጁን ቀረ። አዲስ መኪና ይገዛልን ብሎ ቢጠይቅም አልተፈቀደለትም። (ጥያቄው «በጀት የለም» ከሚለው መልስ ጋር ለሚተዋወቁ አድማጮቼ እንግዳ አይሆንባቸውም።) እርሱም በቤቱ ውስጥ ፈልጎ ብዙ ሰው የማይጠቀምበት፣ በዚያን ጊዜ እንኳ ዘመን ያለፈበት ተብሎ የተተወ ፒ ዲ ፒ 7 የተባለ መኪና አገኘ። ባለቤቱ ሕፃን ልጃቸውን ይዛ ዘመድ ጥየቃ በሄደችበት አንድ ወር ያህል ጊዜ ውስጥ፣ ለየክፍሉ አንድ አንድ ሳምንት መድቦ፣ ለዚያ አሮጌ መኪና አዲስ ሥርዓት ጻፈለት። ዴኒስ ሪቺ የተባለው ባልደረባውም አብሮት ደከመ። ይህ ሥርዓት ዩኒክስ ተባለ። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉት ታላላቅ የኮምፒዩተር ማዕከሎች፣ በየኪሳችንም የምንይዛቸው ስልኮች አብዛኞቹ የሚመሩባቸው ሥርዓቶች ከዚያ ከተጣለው መኪና ላይ ከተጀመረው ሐሳብ የተወለዱ ናቸው። እንግዲህ በግምጃ ቤት የተቀመጠን መኪና «ምን ይረባል» ለሚል ሰው መልሱ ከዚህ ይገኛል።

ትንንሾቹ ኮምፒዩተሮች በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲመጡ ታሪኩ እንደገና ከመጀመሪያው ተጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው አልታይር 8800 ሲገዛ ኪቦርድም ሞኒተርም አልነበረውም፤ ባለቤቱ በፊቱ ላይ የተደረደሩትን ማብሪያ ማጥፊያዎች አንድ በአንድ እያነሣና እያወረደ ነበር የሚያዝዘው። ጋሪ ኪልዳል የተባለ የኮምፒዩተር መምህር ሲ ፒ ኤም የተባለውን ሥርዓተ ክወና አዘጋጀ። ከመኪናው ዓይነት ጋር የሚለዋወጠውን ክፍል ከዋናው ለይቶም ባዮስ የሚል ስም ሰጠው። አይ ቢ ኤም እ.ኤ.አ. ነሐሴ 12 ቀን 1981 የግል ኮምፒዩተሩን ለገበያ ሲያወጣ ግን ሥርዓቱን ያቀረበለት ማይክሮሶፍት ነበር። ማይክሮሶፍትም ዋናውን ሥራ የገዛው ሲያትል ኮምፒዩተር ፕሮዳክትስ ከተባለ ትንሽ ኩባንያ ነው፤ ጸሐፊውም ቲም ፓተርሰን ነበር። ዶስ የምንለው ይህ ነው።

በሀዋሳው ግምጃ ቤት ያለው መኪና የዚያ የ1981ዱ መኪና የልጅ ልጅ ነው፤ አነሣሡም ከአያቱ የተወረሰ ነው። ኤሌክትሪክ በገባለት ቅጽበት ፕሮሰሰሩ የሚያውቀው ነገር የለም። ከማዘርቦርዱ ላይ በተተከለ አንድ ትንሽ ቺፕ ውስጥ የተጻፈውን ባዮስ ብቻ ያነባል። ባዮሱ ራሙን ይፈትሻል፤ ኪቦርዱን ይጠይቃል፤ ሞኒተሩን ያበራል፤ ሁሉ ደኅና ከሆነም «ጢጥ» ብሎ ይመሰክራል። ቀጥሎም ከዲስኩ የመጀመሪያዋን ክፍል፣ ማለት 512 ባይት ብቻ፣ ያነባል። በእርስዋ ላይ የተጻፈችው አጭር ፕሮግራም ከፍ ያለውን ትጠራለች፤ እርሱም ከእርሱ የሚበልጠውን ይጠራል። ባለሙያዎች ይህን፣ ሰው የራሱን ጫማ ማሰሪያ ጎትቶ ራሱን ከመሬት ለማንሣት ከሚያደርገው ሙከራ ጋር እያመሳሰሉ ስለ ቀለዱበት «ቡት ማድረግ» የሚለው ቃል ከዚያ ወጣ። ከ2000 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በነበሩት ዓመታት ባዮስን ዩ ኢ ኤፍ አይ የተባለ ሰፋ ያለ ፕሮግራም ተክቶታል፤ የአሠራሩ ሐሳብ ግን ተመሳሳይ ነው።

ስለዚህ «ሥርዓተ ክወናው አልተገኘም» የምትለዋን መሥመር በጥሞና ማንበብ ያስፈልጋል። ይህችን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ የቻለ መኪና ፕሮሰሰሩ፣ ራሙ፣ ቺፑና ሞኒተሩ መሥራታቸውን በራሱ አፍ መስክሯል። የጎደለው ከዲስኩ ወዲያ ነው። ምክንያቱም ቀላል ሊሆን ይችላል፤ የዲስኩ ገመድ ላልቶ ይሆናል፤ ወይም በማዘርቦርዱ ላይ ያለችው፣ የብር ሳንቲም የምታክል ሲ አር 2032 የተባለች ባትሪ ደክማ ባዮሱ ቀኑንም የዲስኩንም ተራ ረስቶ ይሆናል። የዚህችን ባትሪ ዋጋ የሚያውቅ ሰው አንድ ሙሉ ኮምፒዩተር በእርስዋ ምክንያት «ሞቷል» መባሉ ሳያስቀው አይቀርም። ከባድም ሊሆን ይችላል፤ ይኸውም የመጀመሪያዋ ክፍል ተበላሽታ ወይም ዲስኩ ራሱ አርጅቶ ነው።

አሁን ሊጠፋ ይችላል ወዳልሁት ነገር ልመለስ። በዚያ ዲስክ ላይ ከሥርዓተ ክወናው ሌላ ምን አለ? ጽሑፋችን አለ።

አማርኛ ወደ ኮምፒዩተር የገባበት መንገድ ቀጥ ያለ አልነበረም። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት በደከሙበት ጊዜ የገጠማቸው የፊደላችን ብዛት፣ በኮምፒዩተር ዘመንም መሐንዲሶቹን ገጥሟቸዋል። 33ቱ ፊደላት በ7 ተባዝተው 231 ይሆናሉ፤ እነ ቋን፣ እነ ጓን የመሰሉት ዲቃላዎች፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ከዚያ ያልፋሉ። በዶስና በመጀመሪያዎቹ ዊንዶውሶች ዘመን አንድ የፊደል ሠንጠረዥ 256 ቦታዎች ብቻ ነበሩት፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ላቲኑ፣ ቁጥሩና የትእዛዙ ምልክት የያዟቸው ነበሩ። በአሜሪካ የነበሩት ዶክተር ፍሥሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለዚህ ችግር መፍትሔ ከፈለጉት መካከል ናቸው። በአገር ውስጥም በሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን ሥር የነበረው ብሔራዊ የኮምፒዩተር ማዕከል «አጋፋሪ» የተባለውን የጽሑፍ ፕሮግራም አዘጋጀ። ስሙ እንዴት ያምራል! በግብር ቤት እንግዳውን ሁሉ በየማዕርጉ የሚያስቀምጠው አጋፋሪ፣ እዚህም ፊደላትን በየቦታቸው እንዲያስቀምጥ ተሾመ። ከዚያ በኋላ እነ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ በየመሥሪያ ቤቱ ተሰራጩ።

እነዚህ ሁሉ ያገለገሉበት ዘዴ በመሠረቱ አንድ ነበር፤ የላቲኑን ፊደል ወንበር ለአማርኛው ፊደል አበደሩት። ኮምፒዩተሩ በዲስኩ ላይ የሚጽፈው የላቲን ፊደላትንና ምልክቶችን ቁጥር ነው፤ በመስተዋቱና በወረቀቱ ላይ አማርኛ ሆኖ እንዲታይ የሚያደርገው ግን ፎንት የተባለው የፊደል ሥዕል መዝገብ ነው። የአንዱ ፕሮግራም አቀማመጥ ከሌላው ጋር አይስማማም ነበር፤ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ፎንት ቢከፈት ትርጉም የሌለው ነገር ይሆናል። ፊደላችን ለእያንዳንዱ የራሱ የሆነ፣ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ቁጥር ያገኘው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999፣ ዩኒኮድ ሦስተኛውን እትሙን ሲያወጣ ነው። በዚያን ጊዜ ለ«ሀ» የደረሰው ቁጥር 4608 ነው። ዊንዶውስ ኒያላ የተባለውን የግዕዝ ፎንት አብሮ ይዞ ለሕዝብ የወጣው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2007፣ ቪስታ በተባለው እትም ነው። የመሥሪያ ቤት ልማድ ከቴክኒክ ይልቅ ቀስ ብሎ ስለሚለወጥ፣ ከዚያም በኋላ ጸሐፊዎች በለመዱት ፕሮግራም መጻፋቸውን ቀጥለዋል።

እንግዲህ ወደ ሀዋሳ እንመለስ። ከተማይቱ ከ1980ዎቹ ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ነበረች፤ ከ50 በላይ ብሔረሰቦች የሚኖሩበት የዚያ ክልል የሥራ ቋንቋም አማርኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመው የእርሻ ኮሌጅም አድጎ ዩኒቨርሲቲ የሆነው በዚሁ ዘመን ነው። በ2012 ዓ.ም. የሲዳማ ክልል ተመሠረተ፤ ከዚያም የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ክልል ተከተለ፤ በ2015 ዓ.ም. የቀድሞው ክልል ፈጽሞ በደቡብ ኢትዮጵያና በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ሲተካ፣ ቢሮዎች ወደ ወላይታ ሶዶ፣ ወደ ሆሳዕና፣ ወደ አርባ ምንጭና ወደ ሌሎችም ከተሞች ሄዱ። የሠራተኛ ድልድል፣ የመሬት ይዞታ፣ የጡረታ፣ የትምህርት ማስረጃ ደብዳቤ፣ ይህ ሁሉ ሀዋሳ የክልሉ መቀመጫ በነበረችባቸው ዓመታት በኮምፒዩተር ተጽፏል። የታተመው ቅጂ በመዝገብ ቤት ሊገኝ ይችላል፤ ረቂቁ፣ ሠንጠረዡ፣ ያልታተመው ዝርዝር ግን ካለ ያለው በዚያ «ሞቷል» በተባለው መኪና ዲስክ ላይ ነው። አንዲት መምህርት የ20 ዓመት አገልግሎቷን ለማስቈጠር ስትመጣ የሚፈለገው የምደባ ዝርዝር ከዚያ አይኖርም ብሎ የሚምል ማን ነው?

ከዚህ ላይ በየከተማው የኮምፒዩተር ጥገና ሱቆች የምንሰማት አንዲት ቃል ትመጣለች። «ፎርማት ይደረግ!» ቃሏ አጭር፣ ዋጋዋም ርካሽ ናት። ወጣቱ ባለሙያ ፍላሹን ይሰካል፤ ዲስኩን ይጠርጋል፤ አዲስ ሥርዓት ይጭናል፤ መኪናው ከሰዓት በፊት ነቅቶ ወደ ቢሮ ይመለሳል። በእርግጥም ተነሥቷል። የጠፋው ግን ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ጽሑፉ ነው፤ ይህን ሁሉም ያውቃል። ሁለተኛው ደግሞ በአሮጌው ሥርዓት ውስጥ ተቀምጦ የነበረው የፎንቱ መዝገብ ነው። አንድ ብልህ ሰው ከፎርማቱ በፊት ደብዳቤዎቹን ብቻ ወደ ፍላሽ ገልብጦ ቢያድናቸው እንኳ፣ ፎንቱን ካልገለበጠ፣ ከዓመት በኋላ በአዲሱ መኪና ሲከፍታቸው የሚያገኘው የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ዝብርቅርቅ ነው። ምስጥ የበላው የይርጋለም ወረቀት ከዚህ ይሻላል፤ የተረፈው ቍራጭ ቍልፍ አይጠይቅምና። እኔ እንደሚመስለኝ፣ ወጣቱን መውቀስ አይገባም፤ ሥርዓት ጫን ነው የተባለው፣ መዝገብ አድን ያለው የለም። ትእዛዙን የሚጽፈው መሥሪያ ቤቱ ነው።

ታዲያ በምን ሥርዓት እናንሣው? ሪቻርድ ስቶልማን የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1983 ማንም ሊወስደው፣ ሊመረምረውና ሊያሻሽለው የሚችል ሥርዓት እሠራለሁ ብሎ ግኑ የተባለውን ሥራ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1991 የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው የ21 ዓመቱ ሊኑስ ቶርቫልድስ በራሱ 386 ኮምፒዩተር ላይ የጻፈውን አዲስ ሥርዓት አስታወቀ፤ ሁለቱ ተጋጥመው ሊኑክስ የምንለው ሙሉ ሥርዓት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2004 ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ ኡቡንቱ የተባለውን እትም አወጣ፤ ለጠየቀ ሁሉ ሲዲውን በፖስታ ያለ ዋጋ መላኩን እስከ 2011 አላቋረጠም ነበር። ካማራ የተባለው የአየርላንድ በጎ አድራጎት ድርጅትም እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በአውሮፓ ቢሮዎች የተተዉ ኮምፒዩተሮችን እያደሰ፣ እንዲህ ያለ ነፃ ሥርዓት እየጫነ ለኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ልኳል። በእንግዳ አገር የተተወ መኪና ከባሕር ማዶ መጥቶ ለተማሪዎቻችን ከሠራ፣ የራሳችን የተተወው የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

ማይክሮሶፍት ለኤክስ ፒ ይሰጥ የነበረውን ጥበቃ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2014፣ ለዊንዶውስ 7 በጥር 2020፣ ለዊንዶውስ 10 ደግሞ ጥቅምት 14 ቀን 2025 አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ቲ ፒ ኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕ ስለሚጠይቅ ብዙ አሮጌ መኪናዎችን አይቀበልም። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዞረው ያልተፈቀደ የዊንዶውስ ቅጂም ቫይረስ ይዞ ሊመጣ ስለሚችል ለመንግሥት ሥራ አይመከርም። ስለዚህ ለአሮጌው መኪና ክብደቱ የቀለለ የሊኑክስ ዓይነት ይሻላል። መኪናው 64 ቢት ከሆነና ቢያንስ 2 ጊጋባይት ራም ካለው፣ ሉቡንቱ ወይም ኤክስ ኤፍ ሲ ኢ በተባለው ቀላል ገጽታ የተዘጋጀ ሊኑክስ ሚንት ለደብዳቤ ጽሕፈት ይበቃዋል፤ 4 ጊጋባይት ቢኖረው ደግሞ እጅግ ይቀልለዋል። 32 ቢት ብቻ ለሆነው ምርጫው ጠብቧል፤ ዴቢያን እንኳ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 ባወጣው 13ኛ እትሙ ለእንዲህ ያለው መኪና የመጫኛ ዲስክ ማዘጋጀቱን ትቷል። ለእርሱ እነ አንቲ ኤክስ የመሳሰሉት ትንንሾቹ ይፈለጉለታል። አማርኛውን መጻፍ አያስቸግርም፤ አይባስ በተባለው የኪቦርድ አገልግሎት ላይ አማርኛ የሚመረጥበት ቦታ አለ፤ አጻጻፉም በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ባዘጋጁት ሴራ በተባለው ደንብ መሠረት በላቲኑ ድምፅ እየተመራ ነው።

የሥራው ቅደም ተከተል ግን የጥገና ሱቁ ከለመደው ይለያል። በመጀመሪያ መኪናው ሳይበራ ክዳኑ ይከፈታል፤ አቧራው ይነፋል። በተለይ ከ1999 እስከ 2007 (እ.ኤ.አ.) ባሉት ዓመታት የተሠሩ ማዘርቦርዶች ላይ ካፓሲተር የተባሉት ትንንሽ ሲሊንደሮች አናታቸው እንዳላበጠ ይታያል፤ ያበጡ ካሉ ኤሌክትሪክ ከመስጠት በፊት ይለወጣሉ። የራሙ ነሐስማ ጥርስ ባለሙያዎቻችን እንደሚያደርጉት በላጲስ ይጸዳል፤ ባትሪዋ ትለወጣለች፤ የዲስኩ ገመድ ይጠብቃል። ብዙ ጊዜ ነገሩ ከዚህ ላይ ያልቃል፤ አሮጌው ሥርዓት ራሱ ይነሣል። ከተነሣም ኢንተርኔት ሳይሰጠው፣ ደብዳቤዎቹ በነበሩበት ፕሮግራምና በነበረው ፎንት ተከፍተው ወደ ፒ ዲ ኤፍ እንዲቀየሩ ማድረግ ነው፤ ፎንት የማይጠይቅ ቅጂ ይህ ነውና።

ካልተነሣ ሊኑክስ ወደ ዲስኩ ሳይጫን ከፍላሽ ላይ ብቻ ይነሣል፤ ፍላሽ የማያውቅ የድሮ ባዮስ ከሆነ ከሲዲ። በዚህ ጊዜ በአሮጌው ዲስክ ላይ አንዲት ፊደል እንኳ አይጻፍም። ዲስኩ በሙሉ፣ ከመጀመሪያዋ 512 ባይት እስከ መጨረሻው፣ እንዳለ ወደ ሌላ ዲስክ ይገለበጣል። የሚንቋቋ ዲስክ ከሆነ ደጋግሞ ማብራት ይጎዳዋል፤ ያለው ዕድል ጥቂት ነው። ደብዳቤዎቹና ከዊንዶውስ ማኅደር ውስጥ ያሉት ፎንቶች ተለይተው ይቀመጣሉ። ከዶስ ዘመን የተረፈ ጽሑፍ ከሆነ የተጻፈበት ፕሮግራም ራሱ አብሮ መገልበጥ አለበት፤ እንዲህ ያሉትን ፕሮግራሞች በዛሬ መኪና ላይ ለማስኬድ ዶስቦክስ የተባለ ነፃ ፕሮግራም ተሠርቷል። አዲሱ ሥርዓት የሚጫነው ይህ ሁሉ ተፈጽሞ፣ ቅጂውም ተከፍቶ ከታየ በኋላ ነው። የሚቻል ከሆነም በአሮጌው ዲስክ ፋንታ ሌላ ዲስክ ይገባል።

መኪና ሁሉ ይነሣ ማለቴ አይደለም። ማዘርቦርዱ የተቃጠለ ወይም ኤሌክትሪክ ብቻ የሚፈጅ መኪና በወጉ ይወገድ፤ በውስጡ እርሳስና ሌላም መርዝ አለና ከሐይቁ ዳር አይጣል፤ ለኤሌክትሮኒክ ቈሻሻ አወጋገድም በ2010 ዓ.ም. ደንብ ወጥቶለታል። ነገር ግን ከመወገዱ በፊት ዲስኩ ይውጣለት። በዲስኩ ቅጂ ላይም የመኪናው የንብረት ቁጥር፣ ያገለገለበት ክፍል፣ የጽሑፎቹ ፕሮግራምና ፎንት ስም፣ የተገለበጠበት ቀን በወረቀት ተጽፎ ይለጠፍ፤ መሥሪያ ቤቱ ስሙ ተለውጦ ወይም ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሮ ከሆነ የቀድሞ ስሙም ጭምር።